ኪራይ የሚያዘገይ ተከራይ፦ አከራይ ምን ማድረግ ይችላል? ምንስ አይችልም?

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ ወይም ባሕር ዳር በግቢያቸው ሁለት ሦስት ክፍል ሠርተው የሚያከራዩ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ባለ ፎቅ አይደሉም። ጡረታ የወጡ መምህር፣ ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናት፣ በዕድሜ ዘመናቸው አንድ ግቢ ያፈሩ ባልና ሚስት ናቸው። የወር ኪራይዋ ጤፍ ትሆናለች፣ መድኃኒት ትሆናለች፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ትሆናለች።

ጨርሶ የማይከፍል ተከራይ ሲገጥም ነገሩ ከባድ ቢሆንም ግልጽ ነው። ግራ የሚያጋባው የሚከፍለው፣ ግን ሁልጊዜ የሚያዘገየው ነው። አንድ ወር በ10፣ በሌላው ወር በ20፣ ከዚያ ደግሞ የሁለት ወር አንድ ላይ። ጥሩ ሰው ነው፤ ልጆቹም ከግቢው ልጆች ጋር ይጫወታሉ። አከራዩ እንዳይናገር ያፍራል፣ እንዳይተወው ይቸገራል። እንዲህ ያለው ጉዳይ በሕግም በወግም እንዴት እንደሚያዝ ቀስ ብለን እንየው።

«ዘገየ» የሚባለው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ይህን ጥያቄ ብዙ አከራዮችና ተከራዮች ተነጋግረውበት አያውቁም። «በወር ይህን ያህል» ተባብለው ቁልፍ ይቀባበላሉ። ተከራዩ በ12 ከገባ፣ ወሩ የሚሞላው በ12 ነው ወይስ በ30? ኪራዩ የሚከፈለው ወሩ ሲገባ ነው ወይስ ወሩ ሲያልቅ? አንዱ «ቅድሚያ ነው» ብሎ ያስባል፣ ሌላው «ኖሬበት ነው የምከፍለው» ይላል። በዚህ መሀል አከራዩ ዘገየብኝ ሲል ተከራዩ ገና አልደረሰም እያለ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀን መቁረጥ ነው። «በየወሩ እስከ 5 ድረስ የዚያው ወር ኪራይ ይከፈላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ጳጉሜንም እዚያው ብትጠቀስ ጥሩ ነው። በአብዛኛው ለጳጉሜን ለብቻዋ ኪራይ አይጠየቅም። ይሁንና ሳይነጋገሩበት የቀሩ ሰዎች በዓመት መለወጫ ዋዜማ ሲነታረኩ ይታያል። ወቅቱ ደግሞ የበዓሉም የተማሪ ምዝገባውም ወጪ ተደራርቦ የሁሉም ኪስ የሚሳሳበት ነው።

ተከራዩ የሚያዘገየው ለምንድን ነው?

ይህን ሳይጠይቁ ወደ ማስጠንቀቂያ መሮጥ ብዙ ጊዜ መልካም ተከራይ ያሳጣል። ምክንያቱ ሲታወቅ መፍትሔውም ይለያያልና።

የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙ የሚገባው ወደ ወሩ መጨረሻ ነው። ኪራዩ በ15 ከሆነ፣ ገንዘቡ ያለቀበት ሰዓት ላይ ነው የሚጠየቀው። እንዲህ ያለው ሰው በየወሩ ሁለት ሳምንት ቢያዘገይ አመሉ ሆኖ አይደለም፤ ቀኑ ስላልገጠመለት ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ የመክፈያ ቀኑን ደመወዝ በገባ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ማድረግ። ብዙ የዘገየ ኪራይ ያለ ምንም ክርክር የሚስተካከለው በዚህ ነው።

የገጠር ተማሪዎች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። በጎጃም ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ፣ ከገጠር መጥተው ክፍል የተከራዩ ልጆች በየሰፈሩ አሉ። ስንቃቸውም ኪራያቸውም የሚመጣው በገበያ ቀን ከአባት ነው። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው፤ በዚያን ጊዜ ጎተራው ባዶ ነው። ጤፉና በቆሎው የሚሰበሰበው ከኅዳር ወዲህ ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ኪራይ መጓተቱ የሚገርም አይደለም። ከአባትየው ጋር ቁጭ ብሎ «የመጀመሪያው ሦስት ወር እህሉ ሲሸጥ በጥር ይከፈል፣ ከዚያ ወዲህ ግን በየወሩ» ብሎ መጻፍ ከልጁ ጋር በየሳምንቱ ከመጨቃጨቅ እጅግ ይሻላል። በሕግም ቢሆን ትክክለኛው ተዋዋይ አባትየው ነው። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ራሱን ችሎ የሚፈርመው ውል የጸና ውል ነው ብሎ መመካት አይቻልም።

የቀን ሥራ የሚሠራ፣ ባጃጅ የሚነዳ፣ ጉልት የምትቸረችር ተከራይ ገቢያቸው በየቀኑ ነው። ለእነሱ በአንድ ቀን ሙሉውን ከመጠየቅ በየ15 ቀኑ ግማሽ ግማሹን መቀበል ይቀላል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ ባንክ ሳይከፈት ይውላል፣ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ገንዘብ ኖሮት መላክ ያልቻለ ተከራይና ሊከፍል ያልፈለገ ተከራይ እኩል መታየት የለባቸውም። ልዩነቱን ለማወቅ ብዙ ምርመራ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ቀኑ ሳይደርስ ራሱ መጥቶ ይናገራል። ሁለተኛው ግቢውን ሲገባ ድምፁን አጥፍቶ ነው።

እነዚህ ሁሉ ተስተካክለውለትም የሚያዘገይ አለ። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ስለ እሱ ነው።

ውላችን በቃል ነው፤ መብት አለኝ?

መብቱ አለ፤ ማስረጃው ግን ይሳሳል። አከራዩ «በ5 ነው ያልነው» ሲል ተከራዩ «በ25 ነው» ካለ፣ ዳኛ ፊት ምስክር ፍለጋ ይመጣል። አሁንም ቢሆን ጊዜው አላለፈም። ተከራይና አከራይ በማንኛውም ቀን ተቀምጠው የኪራዩን መጠን፣ የመክፈያውን ቀን፣ የውሃና የመብራቱን አከፋፈል በአንድ ገጽ ጽፈው በሁለት ምስክር ፊት መፈራረም ይችላሉ።

አንዳንድ አከራይ መጻፍ የሚፈራው «ግብር ያመጣብኛል» ብሎ ነው። የኪራይ ገቢ ግን ውል ተጻፈበትም አልተጻፈበትም ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው። ያለ ውል መቀመጥ ግብሩን አያስቀርም፤ የሚያስቀረው አከራዩ በሚከራከርበት ጊዜ የሚይዘውን ወረቀት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሁለት ሕጎች አሉ፤ የትኛው እንደሚሠራ የሚወሰነው ቤቱ ባለበት ከተማና ቤቱ በሚሰጠው አገልግሎት ነው።

የመጀመሪያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለ ውል በጠቅላላው፣ ስለ ቤት ኪራይም ለብቻው ይደነግጋል። መሠረታዊ መንገዱ ይህ ነው፦ አንዱ ወገን ግዴታውን ካልፈጸመ፣ ሌላው በቅድሚያ ያስጠነቅቀዋል፣ የሚበቃ ጊዜ ይሰጠዋል። ጊዜው አልፎም ካልፈጸመ ወደ ውል ማፍረስና ወደ ካሳ ይኬዳል።

ሁለተኛው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። በዜናም በሰፈርም ብዙ የተወራበት እሱ ነው። አዋጁ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ይመለከታል፤ በክልሎች ግን የሚሠራባቸውን ከተሞች እንዲወስኑ ለክልሎቹ ትቶታል። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ያለ አከራይ በቅድሚያ ማድረግ ያለበት ወደ ከተማው አስተዳደር ሄዶ «ከተማችን በአዋጁ ውስጥ ናት?» ብሎ መጠየቅ ነው። አዋጁ የሚነካው መኖሪያ ቤትን ብቻ ነው። ሱቅ ያከራየ ሰው እሱን ጠቅሶ መከራከር አይችልም።

አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በተቆጣጣሪው አካልም ይመዘገባል። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው የሚፈጸመው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ለእኛ ርዕስ ዋናው ደግሞ ይህ ነው፦ ተከራዩ የመክፈያ ቀኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ15 ቀን በላይ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከ7 ቀን በላይ ካሳለፈ፣ አከራዩ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ያለ ማስጠንቀቂያ ማቋረጥ» ማለት ዕቃውን ደጅ ማውጣት ማለት አይደለም። ውሉ ተቋርጧል ማለት ነው፤ ተከራዩ «አልወጣም» ካለ የሚያስወጣው አሁንም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው።

ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ። ተከራዩ ስላዘገየ ተናዶ ኪራይ መጨመር። አዋጁ በሚሠራበት ቦታ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን መሠረት ነው። መዘግየትን በጭማሪ መቅጣት አከራዩን ራሱን ጥፋተኛ ያደርገዋል።

ማስጠንቀቂያ ለምን በጽሑፍ?

«ስንት ጊዜ ነገርኩት!» ይላል አከራይ፤ እውነቱን ነው። ግን የነገረው በር ላይ ቆሞ፣ ቡና እየጠጣ፣ በልጅ ልኮ ነው። ፍርድ ቤት ይህን ሲሰማ «መቼ? ማን ሰማ?» ይላል። ወረቀት ግን ቀኑን ይዞ ይቀመጣል።

ውዝፍ እንደ ጤፍ አረም ነው። ገና ሲበቅል ሲያርሙት በእጅ ይነሳል። ካደገ በኋላ ሲነቅሉት ጤፉንም ይዞ ይወጣል። የአንድ ወር ኪራይ ሲዘገይ በሁለት መስመር ወረቀት የሚያልቀው ነገር፣ አምስት ወር ሲከማች ጉርብትናውንም አብሮ ይነቅላል። ተከራዩም ቢሆን የአንድ ወሩን ተበድሮ ይከፍላል፤ የአምስት ወሩን ግን ከየት ያመጣዋል? ዝም ማለት ደግነት የሚመስላቸው አከራዮች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ። ዝምታው የሚጎዳው ተከራዩንም ነው።

ማስጠንቀቂያ የቁጣ ደብዳቤ መሆን የለበትም። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ለተከራዬ ለአቶ … ። በውላችን መሠረት የጥቅምት ወር ኪራይ ብር … መከፈል የነበረበት በጥቅምት 5 ነበር። እስከ ዛሬ ጥቅምት 12 ድረስ አልተከፈለም። እስከ ጥቅምት 27 ድረስ እንዲከፍሉ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ውሉን ለማቋረጥና ውዝፉን በሕግ ለመጠየቅ እገደዳለሁ።» ከሥሩ ቀንና ፊርማ።

ሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። ተከራዩ አንዱን ተቀብሎ በሌላው ላይ ይፈርማል። አልፈርምም ካለ፣ ሲሰጠው ያዩ ሁለት ሰዎች ይፈርሙበታል። ከዚህ ሌላ በስልክ መልእክት መላክም ይጠቅማል፤ መልእክቱን ግን አታጥፉት።

ወረቀቱ ከመሰጠቱ በፊት በቃል መናገር ያገራችን ወግ ነው፤ መቅረትም የለበትም። «መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የዚህ ወር ኪራይ ገና ነው። የልጁ ክፍያ ደርሶብኝ ነው፤ እስከ እሑድ ይደርስልኛል?» ማለት ማንንም አያስቀይምም። በሦስተኛው ቀን የተነገረ ነገር ቀላል ነው። በሠላሳኛው ቀን ሲነገር ግን ሁለቱም ተቀያይመው ነው የሚገናኙት።

ለዘገየበት ቅጣት ማስከፈል ይቻላል?

ውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ አከራዩ በኋላ ተነስቶ «በቀን 50 ብር ቅጣት» ማለት አይችልም። በውሉ ላይ ሁለቱ ተስማምተው የመዘግየት መቀጫ ካስቀመጡ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይፈቅዳል።

መቀጫ ካልተጻፈ ያለው ሕጋዊ ወለድ ነው፤ በዓመት 9 በመቶ። የሚቆጠረውም ተከራዩ ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ጀምሮ ነው። በቁጥር እንየው። ኪራዩ 3000 ብር ቢሆንና 20 ቀን ቢዘገይ፣ ወለዱ 15 ብር ገደማ ነው። ማንንም አያስደነግጥም። ወለዱ ለአንድ ወር መዘግየት መሣሪያ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ትርጉም የሚኖረው ውዝፉ ሲበዛና ሲከርም ነው።

በእኔ ግምት ከመቀጫ ይልቅ የሚሠራው ማበረታቻ ነው። በየወሩ በቀኑ የከፈለ ተከራይ ኪራይ እንደማይጨመርበት፣ ወይም ክፍሉ ቀለም እንደሚቀባለት ቃል መግባት። ቃሉ ግን መጠበቅ አለበት።

ቁልፍ ብቀይርበትስ? መብራት ባቋርጥበትስ?

አይቻልም። ቤቱ የአከራዩ ነው፤ ይዞ የሚኖርበት ግን ተከራዩ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን አለመደፈር ሲደነግግ «የራሱ ቤት ያለው ብቻ» አላለም። ቁልፍ የተቀየረበት፣ ውሃና መብራት የተቋረጠበት፣ ዕቃው ተይዞ የቀረበት ተከራይ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ሊከስ ይችላል፤ ካሳም ሊጠይቅ ይችላል። በሌለበት በሩን ከፍቶ መግባትም በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

የሚያሳዝነው፣ በዚህ መንገድ እውነት የነበረው አከራይ ተከሳሽ ሆኖ ይገኛል። የሦስት ወር ኪራይ ያልተከፈለው እሱ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ የሚጠራውም እሱ ነው። መብራቱ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሆኖ ተከራዩ የመብራት ድርሻውን ካልከፈለ፣ ያም በማስጠንቀቂያው ውስጥ ገብቶ እንደ ዕዳ ይጠየቃል እንጂ ማብሪያ ማጥፊያው አይነካም።

ሽማግሌ አይበቃም?

ብዙ ጊዜ ይበቃል። በጎጃም አብዛኛው የኪራይ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚያልቀው በሽማግሌ ነው። ግቢው ድረስ የሚመጡት ሰዎች ሁለቱንም ያውቃሉ፣ ተከራዩም ሽማግሌ ፊት የገባውን ቃል ማፍረስ ይከብደዋል።

አንድ ነገር ግን ይጨመርበት። ሽማግሌዎቹ የጨረሱት ነገር ይጻፍ። «ውዝፉ 9000 ብር ነው፤ በሦስት ወር 3000፣ 3000 እየተከፈለ ያልቃል፤ የአዲሱ ወር ኪራይም ሳይቋረጥ ይከፈላል» ተብሎ ተከራዩ ከፈረመበት፣ ዕዳውን በራሱ እጅ አምኗል ማለት ነው። ስምምነቱ ከፈረሰ ያ ወረቀት በፍርድ ቤት ትልቅ ማስረጃ ነው። ብዙ እርቅ የሚፈርሰው በቃል ስለሚቀር ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ የተባለውን ሁሉም በየራሱ ያስታውሳል።

ገንዘቡን ስቀበል ምን ልጠንቀቅ?

ይህ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር ነው። በየጊዜው ለሚከፈል ዕዳ፣ አከራዩ ያለ ምንም ማስታወሻ የኋለኛውን ወር ደረሰኝ ከሰጠ፣ የቀደሙት ወራት እንደተከፈሉ ሕጉ ይገምታል። የኅዳርን ኪራይ ተቀብሎ «የኅዳር ተከፍሏል» ብሎ የፈረመ አከራይ፣ ጥቅምት አልተከፈለኝም ሲል የማስረዳቱ ሸክም በእሱ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «የተከፈለው የጥቅምት ነው፤ ኅዳር ይቀራል» ተብሎ ይጻፍ። ግማሽ ክፍያ ሲመጣም መቀበል ይቻላል፤ «1500 ብር ተቀብያለሁ፣ ቀሪ 1500 ብር» ተብሎ ይመዝገብ። በባንክ ወይም በቴሌብር ሲከፈል በምክንያቱ ቦታ የወሩ ስም ይግባ። ቴሌብር ኢንተርኔት በሌለበትም በ*127# ይሠራል፤ የደረሰውን መልእክት ማስቀመጥ ደግሞ ለሁለቱም ወገን መከታ ነው። በእጅ ብር የሚቀበሉ እናቶች አንድ ደብተር ይኑራቸው። ቀን፣ ወር፣ መጠን፣ የሁለቱ ፊርማ።

ፍርድ ቤት ብሄድ ምን ይሆናል?

ጉዳዩ በአብዛኛው የሚጀመረው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው። አከራዩ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ውዝፉ እንዲከፈለው፣ ቤቱም እንዲለቀቅለት። ውሉን፣ የማስጠንቀቂያውን ቅጂ፣ የደረሰኝ ደብተሩን ወይም የባንክ መግለጫውን ያያይዛል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ዕዳው ተለይቶ የሚታወቅ ገንዘብ ከሆነ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአጭር ሥነ ሥርዓት የሚታይበትን መንገድም ከፍቷል። ወረቀት ከሌለ ግን ሁሉም በምስክር ይሆናል፤ ቀጠሮውም ይረዝማል።

ተከራዩ «ደመወዝ ስላልገባልኝ ነው» ቢል ዕዳው አይሰረዝለትም። መክፈል ከበደኝ ማለት በሕግ ከግዴታ ነጻ አያወጣም። ዳኛው ሁኔታውን አይቶ የመክፈያ ጊዜ ሊሰጠው ግን ይችላል።

ፍርዱ ወጥቶም ካልተፈጸመ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል። ቤቱን በትእዛዝ የሚያስለቅቀው ያ ነው።

ከወጣ በኋላ የቀረው ውዝፍስ?

ተከራዩ በሚወጣበት ቀን ቁልፉን ከመቀበል በፊት አብሮ ክፍሉን መዞር፣ ቆጣሪውን ማንበብ፣ የቀረውን ሒሳብ መጻፍ ያስፈልጋል። «ይህን ያህል ይቀርብኛል፤ እስከዚህ ቀን እከፍላለሁ» ብሎ ከፈረመ፣ ከተማ ቢቀይርም ወረቀቱ ይከተለዋል። ስልኩን፣ የሥራ ቦታውንና የአንድ ቅርብ ዘመድ አድራሻ መያዝም አይከፋም።

ከዚያ በኋላ «ሲያገኝ ይከፍለኛል» ብሎ ዓመታት መጠበቅ ግን አደጋ አለው። የቤት ኪራይ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ ሁለት ዓመት ካለፈው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደተከፈለ ይገምተዋል። ለእያንዳንዱ ወር የሚቆጠረው ከራሱ የመክፈያ ቀን ነው። የ2016 ጥቅምት ኪራይ ያልተከፈለው አከራይ 2018 ጥቅምት ሳይደርስ ወይ የተፈረመ የዕዳ ማመኛ በእጁ መያዝ፣ ወይ ክሱን መክፈት ነበረበት።